አኩሪ አተርና ካንሰር፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአዲስ አበባ ነው። የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ጨርሼ ታሞክሲፌን የተባለውን ኪኒን እየወሰድኩ ነው። ልጄ ለጾም ሽሮ ስታዘጋጅ አኩሪ አተር ቀላቅላ አስፈጨች፤ ጎረቤቴ ግን «የሴት ሆርሞን አለበት፣ በሽታሽን ይቀሰቅስብሻል» አለችኝ። ሽሮውን ለሰው ልስጠው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያጽናልዎት፣ እናቴ። ሽሮውን ለማንም አይስጡት፣ ይብሉት። ይሁንና ጎረቤትዎ ያለ ምክንያት አልፈሩም። በአኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቅርጻቸው ኤስትሮጅን ከተባለው የሴት ሆርሞን ጋር ስለሚመሳሰል፣ እሱ በሚያርፍበት የሴል ተቀባይ ላይ ያርፋሉ። አብዛኛው የጡት ካንሰር ደግሞ ኤስትሮጅን የሚያሳድገው ዓይነት ነው። ከአይሶፍላቮኖቹ አንዱ የሆነው ጄኒስታይን የሰው የጡት ካንሰር ሴል በተተከለባቸው አይጦች ላይ ዕጢውን ሲያሳድግ በመታየቱ፣ ስጋቱ ሐኪሞች ዘንድም ገብቶ ነበር።

ነገር ግን የአይጥ ሰውነት አይሶፍላቮንን የሚያስተናግድበት መንገድ ከሰው ይለያል። ከዚህም ሌላ አይሶፍላቮን ከራሱ ከኤስትሮጅን እጅግ ደካማ ነው፤ ይበልጥ የሚያዘነብለውም ቤታ ወደሚባለው ተቀባይ ሲሆን፣ የጡት ካንሰር ሴል እንዲባዛ በዋናነት የሚገፋፋው ግን አልፋ የሚባለው ነው። በሰዎች ላይ የተደረገው ጥናትም ፍርሃቱን አልደገፈውም። በቻይና ሻንጋይ የጡት ካንሰር የያዛቸውን 5,042 ሴቶች የተከታተለውና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ አኩሪ አተር አብዝተው የሚመገቡት ሴቶች በሽታው የተመለሰባቸውም ሆነ ሕይወታቸው ያለፈው በጣም ጥቂት ከሚመገቡት ባነሰ መጠን እንደሆነ አሳይቷል፤ ታሞክሲፌን በሚወስዱትም ላይ ጉዳት አልታየም። የክትትል ጥናት በመሆኑ አኩሪ አተር ካንሰርን ይፈውሳል ለማለት አያበቃም፣ እንዲህ ብሎ የሚሸጥልዎ ካለም አይመኑት። እንደ ምግብ ግን አያስፈራም፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርም ከበሽታው ላገገሙ ሰዎች የአኩሪ አተር ምግብ ጉዳት እንደሌለው ይገልጻል።

ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ አኩሪ አተሩ በደንብ በስሏል? ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለበት ሆድ ይነፋል፤ ቀቅሎ፣ ገለባውን አሽቶ፣ አድርቆና ቆልቶ ማስፈጨት ይህንንም፣ ብዙዎች የማይወዱትን የጥሬ ሽታውንም ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። ስፖርት እሠራለሁ፤ በጾም የአኩሪ አተር ወተት እጠጣለሁ። ጓደኞቼ «ወንድነትህን ያጠፋዋል» ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አያጠፋውም። በወንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ አኩሪ አተር ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን መጠን እንደማይቀንስ ታይቷል። ለጾመኛ ስፖርተኛ እንዲያውም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከደረቁ ፍሬ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። ወር አበባዬ ሊቋረጥ ሲል ለሚመጣብኝ ሙቀት የአኩሪ አተር ካፕሱል ልጀምር ነው። የእንቅርት ኪኒኔንም ጠዋት ጠዋት በአኩሪ አተር ወተት ነው የምውጠው።

መልስ፦ እህቴ፣ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው። ኪኒንዎ የእንቅርት ሆርሞንን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ከሆነ፣ አኩሪ አተር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሰዋል፤ መድኃኒቱን እየወሰዱም የደም ምርመራዎ ሊዛባ ይችላል። በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጡት፣ ቁርስዎን ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያድርጉ፣ የአኩሪ አተሩን ወተት ወደ ከሰዓት በኋላ ያዛውሩት። ለውጡን ለሐኪምዎ ከነገሩ መጠኑን በምርመራ ያስተካክልልዎታል። ካፕሱሉን በተመለከተ፣ ቀደም ብዬ የተናገርኩት ስለ ምግብ ነው። በካፕሱል የሚሸጠው ተነጥሎ የወጣና የተከማቸ አይሶፍላቮን ስለሆነ፣ የሻንጋዩ ጥናት ስለ እሱ ምንም አይነግረንም። በተለይ እርስዎ ራስዎ የጡት ካንሰር ታክመው የሚያውቁ ከሆነ ያለ ሐኪምዎ ፈቃድ አይጀምሩት።