ከዓይን አትጀምሩ፦ ስለ ካርቱን ሥዕል አድማጮች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቅዳሜ ረፋድ በሚተላለፈው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ዝግጅት ላይ፣ ልጆች የሚወዱትን የካርቱን ገጸ ባሕርይ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሥሉ እንዳስረዳ ተጋብዤ ነበር። ከደወሉት አብዛኞቹ በከተማዋ ዳርቻ ማለትም በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ናቸው። እኔም አያት አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሕፃናትን ሥዕል የማስተምር በመሆኔ፣ ጥያቄዎቹ በየሳምንቱ ከተማሪዎቼ አፍ የምሰማቸው ነበሩ። የአየር ሰዓቱ አጭር ስለነበረ ያልተሟሉትን መልሶች አሟልቼ እነሆ ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (የአሥር ዓመት ልጅ፣ ከጀሞ)፦ «ጄሪን ስሥል ፊቱ ያምርልኛል። ሰውነቱን ስጨምር ግን ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ እግሩ አይገባም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ በአንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። ልጅም ሆነ አዋቂ እርሳስ ሲያነሣ አስቀድሞ ዓይንን ይሥላል፤ ከሥዕሉ ሁሉ እኛን የሚያየን ዓይኑ ነውና። ዓይኑን አድምቆ ከጨረሰ በኋላ አፍንጫውን ከዓይኑ፣ ጆሮውን ከአፍንጫው እያስጠጋ ይወርዳል፤ ወገቡ ላይ ሲደርስ ግን የወረቀቱ ጠርዝ ይቀድመዋል። እግሩ እንዳይቀር ከፈለግሽ ከዓይን አትጀምሪ።

መጀመሪያ እርሳሱን አስቀምጪና የምታይውን ሥዕል ለኪ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወስደሽ ከጄሪ አናት እስከ አገጩ ያለውን ርዝመት፣ ጆሮውን ሳትጨምሪ፣ ጠርዟ ላይ ምልክት አድርጊ። ከዚያም ያንኑ ልክ ከአናቱ ጀምረሽ ወደ ታች እየደጋገምሽ ስትወርጂ እግሩ ጫፍ እስክትደርሺ ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጠሪ። ያገኘሽው ቁጥር የሥዕሉ ሚስጥር ነው። ጄሪ ትልቅ ራስና ትንሽ ሰውነት ያለው ፍጡር ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ሲዛባ ዓይኑና ጺሙ የቱን ያህል ቢያምር ሌላ አይጥ ይሆናል እንጂ ጄሪን አይሆንም። በራስሽ ወረቀት ላይ ከላይ ለጆሮዎቹ የሚሆን ቦታ፣ ከታች ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ትተሽ ሁለት አጫጭር መስመሮች አስምሪ፤ በመካከላቸው ያለውን ቦታ በዚያ ቁጥር አካፍዪ። የላይኛው ክፍል የራሱ ነው፤ የታችኛው መስመር ደግሞ እግሩ የሚያርፍበት ነው። እግሩ ገና ሳይሣል ቦታውን ይዟል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ራሱን በክብ ጀምሪ። እጅሽ ካልታዘዘሽ በስኒ አፍ ወይም በቆርኪ ዙሪያ መሣል ምንም ነውር የለውም፤ ልኩ ግን አስቀድመሽ ከያዝሽው ቦታ ጋር ይስማማ። ከክቡ ሥር ጀርባው ወዴት እንደ ጎበጠ የሚያሳይ አንድ መስመር ሳቢ፤ የሚሮጥ ከሆነ መስመሩ ወደ ፊት ይዘምማል፣ ቆሞ የሚያስብ ከሆነ ቀጥ ይላል። በዚያ መስመር ላይ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ቅል የመሰለ ሆድ አሳርፊ። እጅና እግሩን ለጊዜው በአንድ በአንድ መስመር ብቻ አመልክቺ፤ ክርኑና ጉልበቱ ያለበት ላይ ነጥብ አኑሪ። ሁለቱን ትላልቅ ጆሮዎች ከጨመርሽ በኋላ ፊቱ ላይ አንድ መስመር ወደ ታች፣ አንድ መስመር ወደ ጎን አሳልፊ፤ ዓይኖቹ የጎኑን መስመር ተከትለው ይቀመጣሉ፣ አፍንጫው ደግሞ ወደ ታች የሚወርደውን ይጠብቃል። ዓይን የሚሣለው አሁን ነው።

እስካሁን የተሣለው ሁሉ በጣም ስስ መሆን አለበት። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ወረቀቷን አምጥታ መስመሩ አልጠፋ እንዳላት አሳየችኝ። ገልብጬ በጀርባው በኩል ጣቷን እንድታሳልፍበት ስነግራት፣ የእርሳሱ መንገድ እንደ ስፌት ጉብ ብሎ ተሰማት። ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በወረቀቱ ጀርባ ለጣት የሚሰማ መስመር ላጲስ ቀለሙን ቢያነሣውም ጉድጓዱን አይደፍነውም፣ ከለር ሲቀባበትም ተመልሶ ብቅ ይላል። ስለዚህ እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርገሽ ያዢ፤ በጣትሽ ሳይሆን በክንድሽ አንቀሳቅሺው። ሁሉም በየቦታው ሲሆን ብቻ የመረጥሻቸውን መስመሮች አድምቂ፣ የቀሩትን አጥፊ፣ ከዚያ ቡናማውን ከለር ሳትጫኚ ደጋግመሽ ቀቢ።

ጥያቄ (አባት፣ ከቡራዩ)፦ «ለልጄ የትኛውን እርሳስ ልግዛለት? ባለ ሱቁ ውዱን ካልገዛሁ እንደማይሆን ነገረኝ።»

መልስ፦ ልጅዎ በትምህርት ቤት የሚጽፍበት ኤችቢ እርሳስ ይበቃዋል። የእርሳስ እምብርት ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ የሚሠራ ነው፤ ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ቀለሙም ይሳሳል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ኤች የሚለው ፊደል ጥንካሬን፣ ቢ ደግሞ ጥቁረትን ያመለክታል። መጨመር ከፈለጉ ለማድመቂያ አንድ 2ቢ ይግዙለት። ገንዘብ ከተረፈዎ ለላጲሱ ያውሉት፤ ደረቅ ላጲስ ወረቀቱን ይልጠዋልና ለስላሳ ነጭ ይምረጡ። በአንድ ገጽ ብቻ የታተመበት ያገለገለ ወረቀት ጀርባው ለልምምድ ከማንኛውም ደብተር ይሻላል።

ጥያቄ (የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ)፦ «ሚኪ ማውስም፣ ቶምና ጄሪም ያላቸው አራት አራት ጣት ነው። ለምን? አምስት ብሥልላቸው ስህተት ነው?»

መልስ፦ እነዚህ ፍጡራን የተወለዱት እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሰው እጅ በሚሣልበት ዘመን ነው፤ ሚኪ ማውስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ ዊሊያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ የፈጠሯቸው ቶምና ጄሪ ደግሞ በ1940 ብቅ ብለዋል። በሲኒማ ፊልም ላይ በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። አንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲነሣ ቢደረግ እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። እስኪ አብረን እናስላው፤ ሰባት ደቂቃ 420 ሰከንድ ነው፣ በ12 ሲባዛ 5,040 ሥዕል ይሆናል፣ ይህም ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት ሲቀነስ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ጣት ከመሣል ይድናል ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ በትንሽና ድቡልቡል እጅ ላይ አምስት ጣት ሲደረደር ይጨናነቃል፣ ከሩቅ ሲታይም ጣት መሆኑ አይለይም።

የሚኪ ነጭ ጓንትም እንዲሁ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ጥቁር እጁ በጥቁር ሰውነቱ ላይ ሲያርፍ ጨርሶ ይጠፋ ስለነበረ ከ1929 ጀምሮ ጓንት ለበሰ። አምስት ጣት ብትሥል ስህተት ነው አልልህም፤ የምትሥለው ሚኪን ከሆነ ግን አራት አድርግ፣ የራስህን ገጸ ባሕርይ ስትፈጥር እንደ ፈቀድክ።

ጥያቄ (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)፦ «ልጄ ሥዕሉን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ ከጀርባው በሚመጣው ብርሃን ይገለብጣል። ያምራል፤ ግን ሰነፍ እየሆነ ይሆን ብዬ ሠጋሁ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ መስመሩ ወዴት እንደሚዞር እጁን እያስለመደ ነው። መስታወት ግን የሚያስለምደው እጅን እንጂ ዓይንን አይደለም፤ መስኮቱ ከሌለ ሥዕሉም የለም። ከመስታወት ወደ ነፃ እጅ ለመሻገር ጥሩው ድልድይ የካሬ መስመር ነው። በሚወደው ሥዕል ላይ በማስመሪያ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ያስምር፤ በባዶ ወረቀቱ ላይ ደግሞ በቁጥር እኩል የሆኑ፣ ግን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ያዘጋጅ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው አይቶ ወደ አቻው ያስተላልፍ። ሥዕሉ በቁመትም በወርድም እጥፍ ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላ የካሬዎቹን ቁጥር ይቀንሱለት፤ በመጨረሻ በመካከል የሚያልፉ ሁለት መስመሮች ብቻ ሲቀሩ ዓይኑ የቀረውን በራሱ ይለካል።

ጥያቄ (የአጸደ ሕፃናት መምህርት፣ ከለገጣፎ)፦ «የመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ልጆቹ የሚወዷትን ቀጭኔዋን ጸሐይን መሣል እፈልጋለሁ። ከትንሽ ሥዕል ተነሥቼ እንዴት ላሳድጋት?»

መልስ፦ ለእናቲቱ የተናገርኩት የካሬ ዘዴ ለግድግዳም ይሠራል። ያለዎት ሥዕል 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር በግድግዳው ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ሲሆን 120 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ቀጭኔ ታገኛላችሁ፤ ይህም ከልጆቹ ቁመት ጋር የሚመጣጠን ነው። በግድግዳ ላይ ዓይን በቀላሉ ስለሚታለል ካሬውን በግምት አያስምሩ፤ ወደ ታች የሚወርደውን በግንበኛ ቱንቢ፣ ወደ ጎን የሚሄደውን በውኃ ልክ ያስተካክሉ። ጸሐይ በቴሌቪዥን የታየችው አሻንጉሊት ሆና ስለሆነ ዙሪያዋን የሚያሳይ ጥቁር መስመር የላትም፤ አንገቷ የት አብቅቶ ትከሻዋ የት እንደሚጀምር እርስዎ መወሰን አለብዎት። ልስኑ አዲስ ከሆነ በደንብ ይድረቅ፤ መነሻ መስመሩን በጠመኔ ይሣሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። ጥቁሩን ዙሪያ መስመር መጨረሻ ላይ ይቀቡ፤ ከቀደመ ሌላው ቀለም ይበላዋል።

ጥያቄ (አዛውንት፣ ከሱሉልታ)፦ «የልጅ ልጄ ቀኑን ሙሉ የፈረንጅ ድመትና አይጥ ይሥላል። የአገራችንን ሥዕል ቢማር አይሻልም ወይ?»

መልስ፦ አባቴ፣ ሥጋትዎን አከብራለሁ። ነገር ግን የልጅ ልጅዎ ከያዘው መንገድ ወደ አገሩ ሥዕል የሚወስደው መንገድ ከሚያስቡት በላይ አጭር ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያስታውሱ፤ ፊቱ በጥቁር መስመር ተከቧል፣ ቀለሙ በመስመሩ ውስጥ ተሞልቷል፣ ዓይኑ ከተፈጥሮ ዓይን እጅግ ጎልቷል። የካርቱን ሠዓሊም የሚሠራው በመስመር ከብቦ፣ ቀለም ሞልቶ፣ ዓይኑን አጉልቶ ነው። ዓላማቸው ይለያያል፤ አንዱ ለጸሎት ነው፣ ሌላው ለሣቅ፤ ሁለቱም ግን ከሩቅ የሚያይ ሰው ስሜቱን በዓይን እንዲያነብ ይፈልጋሉ። የእኛ ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት ከሁለት ዓይኑ ጋር፣ ክፉውን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን መሣላቸው ይህን ዕውቀት ወደ ሕግ አድርሰውት እንደ ነበር ያሳያል። እርስዎ አይከልክሉት፤ ይልቁን በሚቀጥለው እሑድ እንጦጦ ማርያም ወስደው ሥዕሎቹን ያሳዩትና ማን በሁለት ዓይን፣ ማን በአንድ እንደ ተሣለ ይጠይቁት። አይጧን በሚያይበት ዓይን ያያቸዋል፤ ስለ መስመር ቀድሞ ያወቀውን በእነርሱም ላይ ያገኘዋል።

ጥያቄ (የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ከኮዬ ፈጬ)፦ «ፊት ለፊት ስሥል እችላለሁ። ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ እንዲያይ ሳደርገው ግን ፊቱ ይጣመምብኛል።»

መልስ፦ ፊቱ የሚጣመመው ራሱን እንደ ሳህን ጠፍጣፋ አድርገህ ስለምታስበው ነው፤ ራስ ግን ኳስ ነው። አንድ ብርቱካን ያዝና በእስክሪብቶ ከቅንጥቡ እስከ ሥሩ አንድ መስመር፣ በወገቡ ዙሪያ ደግሞ ሌላ መስመር አስምርበት። መስመሮቹ በተገናኙበት ግራና ቀኝ ሁለት ዓይን፣ ከሥራቸው አፍንጫ አድርግለት። ፊት ለፊት ስትይዘው መስመሮቹ ቀጥ ያሉ መስቀል ይመስላሉ። ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ አዙረው፤ የቁመቱ መስመር ወደ ቀኝ ይጎብጣል፣ የራቀው ዓይን ይጠብባል፣ ወደ አንተ የቀረበው ሰፍቶ ይቀራል። ወደ ላይ ቀና አድርገው፤ የወገቡ መስመር እንደ ቅስት ወደ ላይ ይነሣል፣ ዓይኖቹም ተከትለውት ይወጣሉ። ፊቱን ያጣመመብህ መስመሮቹ ጎብጠው ሳለ ዓይኖቹን ቀጥ ባለው ቦታ ማስቀመጥህና ሁለቱንም እኩል ማድረግህ ነው። ከዚህ ሕግ ያፈነገጡት የሚኪ ጆሮዎች ናቸው፤ እርሱ ወዴትም ቢዞር ጆሮዎቹ ምንጊዜም ሙሉ ክብ ሆነው ይሣላሉና በእነርሱ አትፈተን። በአንድ ወረቀት ላይ በቆርኪ ዘጠኝ ክብ ሣል፣ ሦስት ሦስት አድርገህ ደርድራቸው፤ ብርቱካኑን ወደ ዘጠኝ አቅጣጫ እያዞርክ በየክቡ ውስጥ ሁለቱን መስመሮች ብቻ ሣል። ዓይንና ጆሮ የምትጨምረው ዘጠኙም ካለቁ በኋላ ይሁን።