ሕጉ ቢፈቅድም ትነቱ አይምርም

ዳዊት፦ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ከዴንቨር ነው የመጣው። «ኮሎራዶ ውስጥ ካናቢስ ሕጋዊ ነው። ታዲያ ቤቴ በአልኮል ዘይቱን ባወጣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ሃና፣ ያንቺ ነው።

ሃና፦ ምነው ከባዱን ሁሌ ለእኔ? እሺ። ቲኤችሲ፣ ያ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም። አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። ስለዚህ አልኮሉ ከተክሉ ውስጥ ይስበዋል። በኋላ አልኮሉ ተኖ ሲጠፋ ዝልግልግ ያለ ጥቁር ዘይት ይቀራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ድሮ አሜሪካ ውስጥ በአልኮል የተዘጋጀ የካናቢስ መድኃኒት ፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ከአገሪቱ የመድኃኒት መዝገብ የወጣው በፈረንጆቹ 1942 ነው።

ዳዊት፦ ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ሃና፦ «ተኖ ሲጠፋ» ያልኩት ጋ። ተኖ የት ይሄዳል? ኩሽናህ ውስጥ ነዋ!

ዳዊት፦ አገር ቤት አረቄ እሳት ላይ ተጥዶ አይደል እንዴ የሚወጣው?

ሃና፦ የአረቄው እንፋሎት በመቃ ወርዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ግን ሰውዬው ክዳን የሌለው ድስት ምድጃ ላይ ጥዶ ሁሉንም ወደ ቤቱ አየር ይለቀዋል። ኤታኖል የሚፈላው 78 ዲግሪ ላይ ነው። ለመቀጣጠል ግን እስኪፈላ አይጠብቅም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ የሚነድ ትነት ያወጣል።

ዳዊት፦ ማለት... ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ?

ሃና፦ አዎ። ደግሞ ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ይሄድና የውሃ ማሞቂያው ሥር ያለችውን ትንሽ እሳት ካገኘ በመጣበት መንገድ እየነደደ ይመለሳል። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ የምትወጣ ብልጭታም ትበቃዋለች። የአልኮል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። እሳቱን ሳታይ እጅህን ትከታለህ።

ዳዊት፦ መስኮት ከፍቻለሁ የሚል አይጠፋም።

ሃና፦ መስኮት ከፍተህ ምድጃ መለኮስ ያው ነው። አፓርታማ ከሆነ ደግሞ ከላይ ልጆች ተኝተዋል። ቁስል የሚጠረግበትን አልኮል የሚጠቀሙም አሉ። እሱ ጭራሽ ለመጠጥ አይሆንም፤ ዘይቱ ውስጥ መቅረት አለመቅረቱን በዓይን አይተህ አታውቅም።

ዳዊት፦ ሕጉስ?

ሃና፦ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚምታታው። ኮሎራዶ በ2012 በድምፅ አጸደቀች፣ ሱቆቹ በ2014 ተከፈቱ። ወዲያው ቤቶች መፈንዳት ጀመሩ፣ በተለይ በቡቴን ጋዝ። በ2015 የግዛቱ ሕግ ያለ ፈቃድ በቡቴንና በፕሮፔን ማውጣትን ከለከለ። አልኮልን ግን ከክልከላው አስወጣው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ጠያቂያችን ትክክል ነው!

ሃና፦ ቆይ እንጂ። ዴንቨር የራሷ ደንብ አላት። በአንድ ጊዜ ከ16 አውንስ በላይ አልኮል አይፈቀድም፣ ግማሽ ሊትር አይሞላም ማለት ነው። በእሳትም በኤሌክትሪክም ማሞቅ ክልክል ነው። ቪዲዮ ላይ የምታየው ነገር ሁሉ ምድጃ ላይ አይደል? በቃ፣ እሱ ሕገ ወጥ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ደግሞ የራሱን ከተማ ይጠይቅ። አከራዩንም።

ዳዊት፦ እውነት ለመናገር እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አድማጮቻችን ግማሹ ግሪን ካርድ ላይ ናቸው።

ሃና፦ ልመጣበት ነበር። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ የኮሎራዶን ሕግ አይሰማም። በሚያዝያ 2019 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ግልጽ መመሪያ አወጣ፤ ግዛቱ ቢፈቅድም ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። መጠቀም ብቻ አይደለም። ማምረትም አለበት፣ ዘይት ማውጣት ደግሞ ከማምረት ይቆጠራል።

ዳዊት፦ የካናቢስ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራውስ? ግብር እየከፈለ?

ሃና፦ እሱም ቢሆን። ደብልዩ ቱው፣ ያ አሠሪው የሚሰጠው የደመወዝና የግብር ወረቀት፣ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ሰው የዜግነት ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። የጓደኛ ምክር አይበቃም፣ የእኛም ጭምር።