የ28 ቀን ቁርስ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ድምፄ የደከመው ሰው ድምፅ ከመሰላችሁ ማራገቢያውን አጥፍቼው ነው፤ ቀረጻው ላይ ይጮኻል። በድሬ ሙቀት ማራገቢያ አጥፍቶ ማውራት ምን እንደሆነ የሳቢያን ልጆች ታውቁታላችሁ። ከውጭ የምትሰሙትን ባጃጅ ግን ማጥፋት አልችልም።

ዛሬ የማወራው ስለተደፈረች ልጅ ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ፣ ወይም ለመስማት የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ይህችን እለፏት፤ አልቀየምም። ስሟንም ሰፈሯንም አልናገርም። ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች።

ከዓመታት በፊት ነው። ሌሊት በሬ ተንኳኳ። ምን እንደደረሰባት ሳትነግረኝ ገባኝ። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጀሪካን አንስቼ ውሃ ቀዳሁላት፣ ሳሙና ሰጠኋት፣ ልብሷን በኦሞ ዘፈዘፍኩት። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው፤ የተጎዳ ሰው ቤትሽ ሲመጣ ታጥቢዋለሽ፣ ታበይዋለሽ፣ ታስተኚዋለሽ።

ጠዋት የሄድንበት የመጀመሪያው ቦታ «መጀመሪያ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» ብሎ መለሰን። ሁለተኛው ቦታ ነርሷ ከሁሉ በፊት የጠየቀችን «ታጥባለች?» ብላ ነው። መልሱ አፌ ላይ ቀረ። ማስረጃውን በገዛ እጄ በሳሙና አጥቤ ነዋ የመጣሁት። ነርሷ አልተቆጣችም። «ግዴለም የኔ እህት፣ ዋናው መምጣታችሁ ነው» አለችኝ። ያቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

የነገረችንን ልንገራችሁ። ከተቻለ ከምርመራው በፊት አለመታጠብ ነው። ልብሱም ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቀለላል እንጂ ፌስታል ውስጥ አይገባም፤ ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል። ግን ታጥባችሁም ቢሆን ሂዱ! መድኃኒቱ ታጠበች አልታጠበች አይልም። ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው ፔፕ የሚሉት መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና እንዳይመጣ የሚወሰደው ፖስት ፒል እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ እሱም ቢሆን ቶሎ ሲወሰድ ነው። የጉበት ክትባትም አለ። ካረገዘች ደግሞ፣ ጽንሱ በመደፈር የመጣ ከሆነ ሕጉ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ የራሷ ቃል ይበቃል፣ ሌላ ማረጋገጫ አይጠየቅም። እኛ ደብዳቤ ፍለጋ በባጃጅ ስንንከራተት ግማሽ ቀን ሄደብን። ከ72 ሰዓት ላይ ግማሽ ቀን!

አሁን ድል ጮራ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው አለ። ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋም አንድ ቦታ እንዲገኙ ታስቦ የተሠራ ነው። ልጅቷ ያንኑ ነገር በየቢሮው እየዞረች አራት ጊዜ እንዳትናገር ነው ነገሩ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እዚህ ቅርንጫፍ አለው፤ የሕግ ምክር በነፃ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የራሳችን የዕድር ዳኛ ነው፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ቀድሞ የሚያስተክለው። «ልጁ ያገባታል፣ ነገሩ በቤት ይለቅ» አሉ። ሽማግሌ አልጠላም፤ የእኔንም ትዳር ሁለት ጊዜ አስታርቀዋል። ይሄኛው ግን የእነሱ አይደለም። በ1949ኙ ሕግ ደፋሪው ተበዳይዋን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘጋው። አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፣ ክሱም ቤተሰብ ይቅር ስላለ የሚቆም አይደለም።

በልቤ ስፈላ ቆይቼ ዳኛውን ከዕድሩ ገንዘብ ጠየቅኩት። አሠሪዎቿ ከሥራ አስወጥተዋታል፣ የባጃጅም የምግብም የላትም። «ደንባችን የሚያውቀው ሞት፣ በሽታና ቃጠሎ ነው። ይሄ የትኛው ውስጥ ይገባል?» አለኝ። ለክፋት አልነበረም፣ የምሩን ነው የጠየቀው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ያ ፔፕ ያልኳችሁ መድኃኒት 28 ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እሷን ደግሞ ያቅለሸልሻታል፣ በባዶ ሆድ ከዋጠችው ትመልሰዋለች። በሦስተኛው ቀን «ይብቃኝ፣ አልወስድም» ብላኝ ነበር። እኔ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ለአንዲት ጎረቤቴ «ልጅቷ አሟታል፣ ቁርስ የሚያበላት ሰው እፈልጋለሁ» ብቻ ነው ያልኳት። እሷ ለማን ምን እንዳለች አላውቅም። ከማግስቱ ጀምሮ ሴቶቹ ተራ ገቡ። አንዷ ፉል፣ አንዷ ጨጨብሳ። ኪኒኑን እስክትውጥ ቁጭ ይላሉ፣ ስለ ዘይት መወደድ ያወራሉ፣ ሳህናቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚያ ሌሊት አንዷም አልጠየቀቻትም። በሁለተኛው ሳምንት ፈጢራ ይዛ የገባችው ማን መሰለቻችሁ? የዳኛው ሚስት። ባሏ ይወቅ አይወቅ አልጠየቅኳትም።

ክሱ ረጅም ነው፣ ዛሬ አልገባበትም፤ እሷም እሱን ተዪው ብላኛለች።

28ኛዋን ኪኒን ስትውጥ ቤት ነበርኩ። ባዶውን ብልቃጥ አየችውና «ነገ የሚመጣ ሰው የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። የዳኛው ሚስት ናት፣ ፈጢራዋን በጨርቅ ሸፍናለች።

«መድኃኒቱ እኮ ትናንት አለቀ» አልኳት።

«እሱን ማን ጠየቀሽ አቦ፣ ይልቅ ሻሂ ጣጂ» አለችኝ።