የጣሳ ፋብሪካው ቢሮ ሲሆን

አንደኛ አቅራቢ፦ የዛሬው ርዕሳችን በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ ካንተን በተባለው የወደብ ዳር ሰፈር ያለው የጣሳ ፋብሪካ እንዴት ቢሮ እንደሆነ ነው። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1895 ያቋቋመው ኖርተን የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ በ1901 ብዙ ጣሳ አምራቾች ተጠቃልለው አሜሪካን ካን ሲመሠረት በእርሱ ሥር ገባ። ወደ ቢሮዎቹ ከማለፋችን በፊት ግን ስለ ብየዳው ጥቂት ልበል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ጥቂት ካልክ አንድ ሰዓት ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ከባዶ የቲማቲም ጣሳ ኩራዝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። የመበየጃውን መዳብ በከሰል አግለው የቀለጠውን እርሳስ በመጋጠሚያው ላይ ሲያስኬዱት ቆሜ አይ ነበር፤ ላምባ እንዳያንጠባጥብ ኩራዙን ውኃ ሞልተው ሳይፈትሹ ለማንም አይሰጡም። የባልቲሞር ጣሳ ሠሪዎችም ቀድሞ የሚበይዱት በእጅ ነበር። ምግቡ በጣሳው አናት ላይ በተተወው ቀዳዳ ከገባ በኋላ ቀዳዳው በክብ ቆርቆሮ ይደፈናል፤ በዚያ ክብ ቆርቆሮ መካከል ደግሞ እንፋሎት የሚወጣባት እንደ መርፌ የቀጠነች ቀዳዳ ትቀርና በመጨረሻ በአንዲት የእርሳስ ጠብታ ትዘጋለች።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይህችን የመርፌ ቀዳዳ ባለፈው ሳምንትም ነግረኸናል። ቢሮዎቹስ?

አንደኛ አቅራቢ፦ ብደግማትም አይሰለቸኝም፤ የሰው እንጀራ የነበረችው በእርሷ ላይ ነውና። በ1880ዎቹ ማሽን ሥራውን ሊረከብ ሲመጣ በዚያ ከተማ የነበሩ በያጆች አጥብቀው ተቃውመዋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ማሽኑ ግን አሸነፈ።

አንደኛ አቅራቢ፦ አሸነፈ፤ ኋላም ማሽኑ ራሱ ቆመ። ፋብሪካው በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ተዘጋና ለዓመታት ባዶውን ቆየ። በ1998 ታድሶ ቢሮና ሱቅ ሆኖ ሲከፈት የጡብ ግድግዳው አልተነካም፤ ስሙም «ዘ ካን ካምፓኒ»፣ ማለትም «የጣሳ ኩባንያው» እንደሆነ ቀረ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እኔ ግን ስሙን ማቆየት ታሪክን መጠበቅ አይመስለኝም። በያጁ ከሌለ ጡቡ ጌጥ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ጡቡ ባይኖር ስለ በያጁ ዛሬ ማን ያነሣ ነበር?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አንተማ ያለ ጡቡም ታነሣው ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ እሱስ እውነት ነው። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ተከራዮች አንዱ ማን እንደነበረ ስማ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያ ያደረገው ዳፕ፣ የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ስንጥቅ መድፈኛ የሚያመርተው ኩባንያ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይኸው፣ የመርፌ ቀዳዳዋ ተመልሳ መጣች!