ማገሩና ምርጊቱ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በእናቴ ልጀምር። እናቴ እኔን ስትጠራ መጀመሪያ የታላቅ እህቴን ስም ትላለች። ቀጥሎ የወንድሜን፣ ከዚያ የድመቷን። እኔ አራተኛ ነኝ። በሠርጓ ቀን ማን በግ ይዞ እንደመጣ፣ ማን ባዶ እጁን እንደመጣ ጠይቋት ግን አንድ ሰው አይቀራትም። የምትስቁት ቤታችሁም እንዲሁ ስለሆነ ነው።

ስለ መርሳት ሲወራ ሁሌ የሚወቀሰው የነርቭ ሴል ነው። እንደ አልዛይመር ባለ በሽታ ሴሎች ይሞታሉ፣ እውነት ነው። በጤነኛ እርጅና ግን አብዛኞቹ በቦታቸው አሉ። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የጭቃ ቤት በምሰሶ ብቻ አይቆምም። ማገርና ምርጊት ይፈልጋል። አንጎልም እንደዚያው ነው። አንድ አምስተኛ ገደማው ከሴል ውጪ ያለ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ ባዶ አይደለም። ሴሎቹ ራሳቸው ከስኳርና ከፕሮቲን የሚሠሩት ዝልግልግ ነገር ሞልቶታል። አንዳንድ የነርቭ ሴሎችን ጠበቅ አድርጎ እንደ መረብ ይለብሳቸዋል።

ይህን መረብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያየው ጣሊያናዊው የአንጎል ተመራማሪ ካሚሎ ጎልጂ ነው። ስፔናዊው ተመራማሪ ራሞን ኢ ካሃል ግን ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ የሚቀቡት ማቅለሚያ የፈጠረው እንጂ በእውን ያለ አይደለም ብሎ አጣጣለው። ሁለቱ በ1906 እ.ኤ.አ. ኖቤልን ተጋሩ፤ ክርክራቸው ግን አልበረደም። በዚህች ነገር እንኳ ጎልጂ ልክ ነበር።

መረቡ በሕፃንነት ገና አልተሠራም። በሰው 5 ዓመት አካባቢ ይመጣል። ሴሎች እንደልባቸው አዲስ መጋጠሚያ እንዳይፈጥሩ ይይዛቸዋል፤ የተማርነውንም ያጸናል። ሮጀር ቺየን የተባለው የኖቤል ተሸላሚ በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ መላ ምት አቀረበ፦ የረጅም ዘመን ትዝታ የሚቀመጠው በመረቡ ቀዳዳዎች አቀማመጥ ሊሆን ይችላል አለ። መላ ምት ነው። እኔን ግን የእናቴን ሠርግ ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ እርጅና። በመረቡ ላይ ኮንድሮይቲን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አለ፤ በላዩ ሰልፌት የሚባል ድኝ ያለበት ቅንጣት ተለጥፏል። ሰልፌቱ በስኳሩ 6ኛ ካርቦን ላይ ሲቀመጥ መረቡ ለአዲስ ነገር መንገድ ይለቃል። 4ኛው ላይ ሲቀመጥ ይዘጋል። ስናረጅ የ6ኛው እየቀነሰ ይሄዳል። ምርጊቱ ደረቀ በሉት።

የካምብሪጅና የሊድስ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ነው የሚጥመው። የ20 ወር አይጥ፣ በአይጥ ዕድሜ ሽማግሌ ነው። ቀድሞ ያየውን ዕቃ ከአዲሱ መለየት ይቸግረዋል። 6ኛውን ዓይነት የሚሠራ ኢንዛይም የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የእሱን ዘረመል በቫይረስ አድርገው ወደ አንጎሉ ሲያስገቡ ግን እንደ ወጣት ለየ። ነገሩን ገልብጠውም ሞከሩት፦ ያ ኢንዛይም የሌላቸው ወጣት አይጦች ያለጊዜያቸው መርሳት ጀመሩ። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው።

ይህ የአይጥ ወሬ ነው፤ ለሰው የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። ኮንድሮይቲን ስል አንዳንዶቻችሁ ቀና አላችሁ። አዎ፣ ስሙ ለጉልበት ሕመም በሚሸጠው ኪኒን ላይ አለ። ግን የአንጎሉ ጣጣ ሰልፌቱ የተለጠፈበት ቦታ ነው፤ ኪኒን ውጦ ቦታ ማስቀየር አይቻልም። ለጉልበታችሁ የምትወስዱት ካላችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ለስም መርሳት ብላችሁ ግን ብራችሁን አታውጡ።