ፍሳሹ ቆሟል፤ ታዲያ አንጎል ደም ለምን ያጥረዋል?

(ምስል፦ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፤ ሌሊት። ነርስ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች።)

«ዓይንዎን ጨፍነው ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉልኝ።»

ታማሚዋ ይዘረጋሉ። ሁለቱ እጆች ለጥቂት ሰከንድ እኩል ይቆያሉ፤ ከዚያ ቀኙ መዳፉን ወደ ውስጥ እያዞረ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ከአንድ ሰዓት በፊት እንዲህ አልነበረም። ነርሷ ጊዜ ሳታጠፋ ሐኪሙን ትጠራለች።

በአንጎላቸው ዙሪያ ደም ከፈሰሰ ዛሬ 7ኛ ቀኑ ነው። የፈነዳው አኑሪዝም፣ ማለትም ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ የተነፋው የደም ሥር፣ በማግስቱ በቀጭን የብረት ጥቅል ከውስጥ ተደፍኗል። ቤተሰብም እፎይ ብሏል። ይህ ሕመም ግን ሰው እፎይ ባለ ሰሞን ተመልሶ የመምጣት ክፉ ጠባይ አለው።

(ምስል፦ ከአንጎል ሥር ያሉ ትልልቅ የደም ሥሮች፤ የረጋ ደም ከቧቸዋል።)

የፈሰሰው ደም የትም አልሄደም። በአንጎል ስስ ሽፋኖች መካከል፣ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ረግቶ ተቀምጧል። ቀናት ሲያልፉ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈራርሳሉ፤ በውስጣቸው የነበረው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢንም ይለቀቃል። ሄሞግሎቢን ደግሞ የደም ሥርን ጡንቻ የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀመ ያጠፋል። የሚያላላው ሲጠፋ የሚያኮማትረው ያይላል፤ ሥሩ ይጠብባል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን በኋላ ይጀምራል፤ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል።

መጥበቡን ወደ ሰውነት ምንም ሳይገባ፣ ከአልጋው አጠገብ መከታተል የተቻለው ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ሩነ ኦስሊድ የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ ከጆሮ ፊት ባለው ስስ አጥንት በኩል አልትራሳውንድ ልኮ የደሙን ፍጥነት ለካ። የውኃ ጎማ አፉን በጣት ሲጫኑት ውኃው እንደሚወነጨፍ ሁሉ፣ ደምም በጠበበው ሥር ይፈጥናል። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ120 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ጥርጣሬ ይነሣል፤ 200 ሲያልፍ መጥበቡ ብርቱ ነው። ለእኔ ግን ያች ዝቅ ያለች እጅ ከማንኛውም ቁጥር በላይ ትናገራለች። መሣሪያው መጥበቡን ያሳያል፤ እጇ ግን አንጎሉ መራቡን ትነግራለች።

(ምስል፦ የመድኃኒት እንክብል፤ የግድግዳ ሰዓት።)

የመጀመሪያው መድኃኒት ኒሞዲፒን ነው። ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአፍ ወይም በምግብ ቱቦ 60 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ፣ ለ21 ቀን ይሰጣል። በእኩለ ሌሊትም ሰዓቱ አይዘለልም። የደም ግፊት ካወረደ መጠኑ ለሁለት ተከፍሎ በየ2 ሰዓቱ ይሰጣል። በአፍ የሚወሰደውን ዝግጅት በደም ሥር መስጠት ግን ይገድላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ጥናት 554 ታማሚዎችን አካቶ ነበር፤ የአንጎል ክፍል በደም እጦት የሞተባቸው ሰዎች ከ33 በመቶ ወደ 22 በመቶ ወርደዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኒሞዲፒን የጠበቡትን ትልልቅ ሥሮች በምስል እንደሚታይ አድርጎ አይከፍታቸውም፤ ታማሚው ግን ይጠቀማል። በተቃራኒው ክላዞሰንታን የተባለው መድኃኒት ሥሮቹን ከመጥበብ ሲከላከል ታየ፤ በትልልቅ ጥናቶች ግን ታማሚዎቹ ከሕመሙ ሲወጡ የተሻለ ሁኔታ ላይ አልተገኙም። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የትልቁ ሥር አይደለም። በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ሥሮች፣ ጥቃቅን የደም መርጋቶችና በአንጎል ቅርፊት ላይ እንደ ማዕበል የሚዛመት የኤሌክትሪክ መታወክም እጃቸው አለበት።

(ምስል፦ የደም ግፊት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል።)

ወደ ታማሚዋ እንመለስ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሰውነታቸውን ፈሳሽና ጨው ይመለከታል። ከዚህ ሕመም በኋላ ብዙዎች ጨውና ውኃ በሽንት ያጣሉ፤ ጨው ወረደ ብሎ ውኃ መከልከል የጎደለውን ደም ይብስ ያጎድለዋል። ቀድሞ ሰውነትን በፈሳሽ ማጥለቅለቅ የተለመደ ነበር፤ ልብንና ሳንባን ስለሚያስጨንቅ ዛሬ ግቡ አለማጉደል ብቻ ነው።

ቀጥሎ ግፊቱ ሆን ተብሎ ይጨመራል። አኑሪዝሙ ሳይደፈን ግፊት እንዳይጨምር ሲጠበቅ የነበረው ያው ሐኪም፣ አሁን ግፊት በሚያሳድገው መድኃኒት በኖርኢፒኔፍሪን ወደ ላይ ይገፋዋል። ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ በየደረጃው እጅ ያስዘረጋል። እጇ ቀጥ ብላ ከቆየች ግፊቱ እዚያው ይያዛል። የዚህ ሕክምና ማስረጃ ከልማዱ ደከም ያለ ነው፤ ግፊት መጨመርን በዕጣ ለማነጻጸር የተጀመረ ጥናት ያለጊዜው ቆሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲታተም ጥቅሙን ማሳየት አልቻለም። ሆኖም የወደቀች እጅ በደቂቃዎች ውስጥ ስትነሣ ያየ ሐኪም በቀላሉ አይተወውም።

እጇ ካልተመለሰች ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነሥቶ እስከ አንጎል የሚደርስ ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ በደም ሥር ውስጥ ይገባል። በእርሱ ሥር የሚያላላ መድኃኒት፣ ቬራፓሚል ወይም ኒካርዲፒን፣ በቀጥታ ይረጫል፤ ሥሩ ይከፈታል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን መልሶ ሊጠብ ይችላል። በትልልቆቹ ሥሮች ውስጥ ትንሽ ፊኛ መንፋት ይበልጥ ይበረክታል፤ ነገር ግን ፊኛው ሥሩን ሊቀድደው ስለሚችል የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ርቀው ወዳሉት ቀጫጭን ሥሮችም አይዘልቅም።

(ምስል፦ ማለዳ፤ ያው ክፍል።)

ግፊት ማሳደጊያው አንድ ቀን በድንገት አይቆምም። ጥቂት ይቀነሳል፤ እጅ ይዘረጋል። እንደገና ይቀነሳል፤ እንደገና ይዘረጋል። ዝቅ ካለች መድኃኒቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሙከራውም ለነገ ይቀጠራል።