የዝዋይ ቀይ ወይን፣ ሱሉልታ ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስለ ዝዋዩ ቀይ ወይን፣ ስለ ሪፍት ቫሊ ሲራ ነው የማወራችሁ፤ ሪፍት ቫሊ የወይኑ ስም፣ ሲራ የፍሬው ዝርያ ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ አጠገቤ አለ፤ ውጭ የሱሉልታ ንፋስ መስኮቱን እየመታ ነው።

በጣም የሚቆጨኝን ላስቀድም። ይሄን ወይን ሰው ኮካ ቀላቅሎ ይጠጣዋል። ጣፋጭ የሚወድ ሰው አካሲያ ከሚባለው የዚያው ፋብሪካ ወይን ሚዲየም ስዊት (መካከለኛ ጣፋጭ) የሚለውን ይግዛ፣ ለዚያው የተሠራ ነው። ይሄኛው ድራይ ነው፤ የፍሬው ስኳር ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተለውጧል። ኮካ ሲገባበት ያ ሁሉ የገበሬ ድካም ይጠፋል።

ድካሙ ደግሞ ቀላል አይደለም። ዝዋይ፣ ማለትም ባቱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያበስለዋል፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል አሲዱ ይጠበቃል። አሸዋማው አፈር ውሃ አያቁርም። ፈረንሳይ ውስጥ የወይን ተክል በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ዝዋይ ላይ ግን እንደዚያ ያለ ብርድ ስለሌለ ዑደቱን የሚወስነው መግረዙ ነው። የመግረዣው ጊዜ ከተዛባ ፍሬው ሊደርስ ሲል ዝናብ ያገኘዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ከሐይቁ የሚወጣው ጉማሬም አለ፤ እርሻው ዙሪያውን ቦይ የተቆፈረለት ለዚህ ነው። የወይኑ አምራች የፈረንሳዩ ካስቴል የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያወጣው በአውሮፓውያኑ 2014 ነው።

ወደ ብርጭቆው እንምጣ። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። እኛ ሱሉልታዎች ማታ ማታ ፍሪጅ አያስፈልገንም፤ እንዲያውም በጣም ከቀዘቀዘ ብርጭቆውን በመዳፋችሁ አቅፉት። ሲቀዘቅዝ ሽታው ይዘጋል፣ ታኒኑ፣ ማለትም ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣው አፍ የሚያደርቀው ነገር፣ ይከራል። ሲሞቅ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ከሞቀ መኪና የወጣ ጠርሙስ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ።

አንድ ሦስተኛ ብቻ ቅዱ። ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፦ መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ነው። አዲስ ወይን ሆኖ ጠርዙ ቡናማ ካለ አየር ገብቶበታል። ሳታሽከረክሩ አሽትቱ። እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ችግሩ ቡሹ ነው፣ መልሱት። ከዚያ አሽከርክሩት፤ የበሰለ ጥቁር ፍሬ፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ ይመጣል። ቁንዶ በርበሬው የሲራ መለያ ነው። ጎንጨት ብላችሁ አፋችሁ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ እንደ ጠነከረ ሻይ ድዳችሁን ያዝ የሚያደርገው ታኒኑ ነው።

ምግቡ ላይ አጥብቄ የምናገረው፣ ከቀይ ወጥ ጋር አታቅርቡት። ከበርበሬው ጋር አልኮሉ ይበልጥ ያቃጥላል፣ ታኒኑም ይመራል። ጮማ ያለው ጥብስ፣ አዋዜው ለብቻው። ክትፎም ይሆናል፣ ሚጥሚጣው ቀንሶ አይቡ በዝቶ፤ ስቡ ታኒኑን ያለሰልሰዋል።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ እስከ 3 ቀን ይቆያል። ስትገዙም ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ተዉት። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ካያችሁ ወይኑ ሞቆበታል ማለት ነው፤ ከውስጥ፣ ከጥላ ያለውን እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።